የእሳት አደጋው ሰው እንቅልፍ

ሱሪ ሊያሳጥር የገባው ደንበኛ፣ ጥጉ ላይ ያለው ነገር መጀመሪያ የተሰቀለ ካፖርት ነበር የመሰለው። ከሰዓት በኋላ ነው። ፀሐይ በመጋረጃው ስንጥቅ እየሾለከች የክሩን ብናኝ ወርቅ ትቀባዋለች፤ ልብስ ሰፊዋ ካውያዋን ባሳረፈች ቁጥር እንፋሎቱ ቀስ እያለ ወደ ጥጉ ይሄዳል። እንፋሎቱ ሲገለጥ ነው ካፖርቱ ፊት እንዳለው የታየው። አንድ ጎልማሳ ሰው እጆቹን ደረቱ ላይ አጣጥፎ፣ አገጩን ጥሎ፣ ደመና ላይ የተቀመጠ ይመስል ጭልጥ ብሎ ተኝቷል።

ደንበኛው የተኛውን እንዳይቀሰቅስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እዚህ ላይ ይጠርልኝ" እያለ ሳለ ከመንገዱ ማዶ የትምህርት ቤቱ ደወል አቃጨለ። የተኛው ሰው ተነሣ። ተነሣ ማለት እንኳ ያንሰዋል፤ ዓይኑ ሳይገለጥ ወንበሩ ባዶ ሆነ፣ በሩ ጋ ደረሰ፣ አንድ እግሩን ከፍ አድርጎ የሌለ ነገር ውስጥ ሊከት አየር ላይ አንጠለጠለው።

"ተመለስ፣ የልጆቹ ነው" አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ቀና እንኳ ሳትል።

ሰውየው እግሩን አወረደና ሄዶ ተቀመጠ።

"አይዞህ፣ ባሌ ነው፤ አይናከስም" አለችው ለደንበኛው። "እሳት አደጋ ነበር።"

"ነበር?" አለ ሰውየው ከጥጉ፣ አንድ ዓይኑን ገልጦ። "ምን አስቸኮለሽ? እሳት አደጋነት እኮ እንደ ቁመት ነው። 'ረጅም ነበርኩ' የሚል ሰው ሰምተሽ ታውቂያለሽ?"

"እንደ አንተ ቀኑን ሙሉ ከተጎለተማ ያጥራል።"

ደንበኛው ሳቀ። ወሬ ካገኘ ሥራ የማይታወሰው ዓይነት ሰው ነበርና ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ሱሪው እስኪያልቅ ድረስም የሰውየው ታሪክ አለቀ።

ሰፈሩ ዝናቡ ነው የሚለው። ስሙን ያወጡለት አንዲት አሮጊት ናቸው። ድሮ፣ ገና ሥራ በጀመረበት ጊዜ፣ የእሳቸው ማድቤት ተያይዞ ነበርና የጎረቤት ጣሪያ ላይ ወጥቶ ከላይ ሆኖ ውሃውን ሲለቅበት፣ አሮጊቷ ከታች ከራስ እስከ እግራቸው በስብሰው፣ "ኧረ ይሄስ ሰው አይደለም፣ ዝናብ ነው!" ብለው ጮኹ። ከዚያ ወዲያ እናቱ ያወጣችለት ስም ከመታወቂያው ላይ ወርዶ አያውቅም፤ ከመታወቂያው ውጭም የሚያውቀው የለም።

እሳት ማጥፋቱን ይወደው ነበር። ለምን እንደሚወደው ሲጠየቅ ግን ስለ እሳቱ አይናገርም፤ ስለሚቀጥለው ጸጥታ ነው የሚናገረው። ነበልባሉ ከሞተ በኋላ፣ ጭሱና እንፋሎቱ ተቀላቅለው ነጭ ሲሆኑ፣ ግድግዳው፣ ሰዉ፣ መንገዱ ሁሉ ጠፍቶ ውሃ ጠብ ጠብ ሲል ብቻ የሚሰማበት ጊዜ አለ። "ዓለም ገና ሳትጀመር እንዲህ ሳትሆን አትቀርም" ይላል። ያን ጊዜ ከጀርባው ሆኖ ቱቦውን የሚደግፍለት ጓደኛው፣ ረጅሙ የሚሉት፣ "አለህ?" ይለዋል፤ እሱም "አለሁ" ይላል። ሌላ ንግግር የላቸውም። ከሚስቱ ጋር ከተነጋገረው ይልቅ በዚህች አንዲት ቃል ከረጅሙ ጋር የተነጋገረው ይበልጣል፤ ይህን ሲል ሚስቱ መቀሷን አንሥታ አሳየችው።

በጣቢያው አንድ ልማድ አለ። የእሳት አደጋ ሰው ሱሪውንና ቦት ጫማውን ለየብቻ አያወልቅም። ሱሪው ጫማው ላይ እንደ ተሰበሰበ እግሩን ብቻ መዝዞ ይወጣና ከመኪናው ጎን አቁሞት ይሄዳል። ደወሉ ሲጮህ እግርህን ትከታለህ፣ ወደ ላይ ትስባለህ፣ ለብሰህ አበቃህ። ለማያውቀው ግን ያስደነግጣል፤ ከወገብ በላይ የሌላቸው ሰዎች ተሰልፈው መኪና የሚጠብቁ ነው የሚመስሉት።

ከጊዜ በኋላ የአንዳንዶቹ ጫማዎች ባለቤት መጥፋት ጀመረ። መጀመሪያ ረጅሙ ሄደ፤ አውሮፕላን ማረፊያው የራሱ እሳት አደጋ አለው፣ ደመወዙም ሌላ ነው። ከዚያ ሁለት ጎበዞች ነዳጅ ማከማቻው ወሰዳቸው። ከዚያ መሰላል ላይ እንደ ድመት የሚወጣው። ከተማው ሰዉን ከምንም ያነሣል፣ ያሠለጥናል፣ ጭስ ያስለምዳል፤ ልክ ሰው ሲሆን ሌላው መጥቶ ይወስደዋል። "ላሟን የምናግድ እኛ፣ የሚያልባት ሌላ" ይል ነበር ሾፌሩ። በምትካቸው እንዳይቀጠር ደግሞ የከተማው ምክር ቤት ቅጥር አግዷል። አለቃው የሄዱትን ጫማ ከሰልፉ አላስነሣም፤ "ሰው ሲመጣ ይገባበታል" ይላል። ሰው አይመጣም። በመጨረሻ ሾፌሩ አንድ ቀን ሰልፉን ዐይቶ፣ "ይሄ ጣቢያ እኮ ጫማ ሞልቶታል፤ የጎደለው እግር ነው" አለ፤ ሁሉም ሳቁ፣ ሳቁ ግን ቶሎ ሞተ።

ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው በአንድ አበል ላይ ነበር። የአደጋ አበል ይባላል። በየዓመቱ በጀት ሲቀርብ ይጻፋል፤ በየዓመቱ ሲጸድቅ "ለከርሞ ይታይ" ይባላል። እሳት ደግሞ ለከርሞ ይታይ አይልም።

የቤቱ ችግር እያደር ጨመረ። አከራይዋ ሰላምታቸው አጠረ፤ ልጃቸው ጫማው ጠቦት ጣቱን አጥፎ መሄድ ተማረ። ሚስቱ ወንድም አላት፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጥበቃ ኃላፊ ነው። ፋብሪካው የራሱ የሆነች ቀይ የእሳት አደጋ መኪና ገዝቶ የሚቀመጥባት ሰው ይፈልግ ነበር። ወንድምየው መጥቶ ሻዩን እየጠጣ፣ "እኔ የምልህ፣ እዚያ እኮ መኪናዋን የሚያረጥባት አጣቢዋ ብቻ ነው። ትቀመጣለህ፣ ደመወዝህን ትወስዳለህ፤ እሳትማ መኖሩንም ረስተነዋል" አለው።

"እና እኔ ምን ልሠራ ነው የምሄደው?"

"ልትኖር!" አለች ሚስቱ ከማድቤት።

ያን ቀን ተነጋገሩ። ሚስቱ የምትጮህ ሴት አይደለችም፤ ስትናደድ ክር ታጠነጥናለች። እያጠነጠነች፣ "የልጄ አባት፣ እኔ ጀግና አልጠላሁም። ግን ጀግንነት ለአከራይ አይከፈልም። ዘንድሮም አበሉን ካስቀሩባችሁ ወንድሜ ጋ ትሄዳለህ። ካጸደቁት ደግሞ አፌን አልከፍትም፣ እስክታረጅ እዚያው እሳትህ ጋ ሁን" አለችው።

"ቃል?"

"የኔማ ቃል ነው። የአንተን ንገረኝ።"

"ቃል" አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሥራው መቆየቱ ወይም መልቀቁ በበጀቱ ቀን እንደሚወሰን አወቀ።

ምክር ቤቱ በጀት ሲያጸድቅ ከየመሥሪያ ቤቱ አንድ ሰው ገብቶ አጭር ቃል እንዲናገር ይፈቅዳል። አለቃው ያለማመንታት ዝናቡን መረጠ። "አንተ ስትናገር እንኳን ሰው እሳትም ያዳምጣል" አለው። ዝናቡ ንግግሩን በቃሉ አጠና። ረጅም አይደለም። እንፋሎቱ ነጭ ሲሆን ከጀርባህ "አለህ?" የሚል ሰው ሲጠፋ ምን ማለት እንደሆነ፣ ያችን ብቻ ነበር ሊነግራቸው ያሰበው። ሚስቱ ሸሚዙን ተኮሰችለት፤ ያጸድቁልህ ወይም ያስቀሩብህ ሳትል፣ "አንገትህን ቀና አድርግ" አለችው።

የበጀቱ ቀን ሲነጋ የእንጨት ሥራ ቤት ተያያዘ። ጣውላና ቀለም አንድ ላይ ሲነድ መጥፎ ነው፤ አልቆ አያልቅም። ተራው አልነበረም፣ ግን ሌላ ማን አለ? ጠፋ ሲባል ፊቱን ከቱቦው ጫፍ ታጥቦ፣ የተተኮሰውን ሸሚዝ ለብሶ በቀጥታ ወደ ምክር ቤቱ ሄደ። ወደ አዳራሹ ሲገባ ጭስ ጭስ ይሸት ስለነበረ አጠገቡ የተቀመጠው የመምህራን ተወካይ በትሕትና አንድ ወንበር ራቀ።

አዳራሹ ይሞቃል። ምንጣፉ ወፍራም ስለሆነ ኮቴ ይውጣል። የፋይናንስ ኃላፊው ቆሞ ማንበብ ጀመረ፤ ድምፁ እሹሩሩ ነው። "ለመንገድ ጥገና... ለመብራት... ለአደባባዩ ፏፏቴ..." ቃላቱ እየረዘሙ፣ እየለዘቡ መጡ። ትልቁ ሰማያዊ መጋረጃ ውሃ ይመስል ነበር፤ ዝናቡ እያየው መፍሰስ ጀመረ። ያለ ድምፅ ወርዶ ወለሉን ሞላው። የምክር ቤቱ አባላት እጃቸውን ጠረጴዛቸው ላይ እንዳጣጠፉ ከነወንበራቸው ቀስ ብለው ተነሡና ተንሳፈፉ፤ ማንም አልደነገጠም። አንዲት ሴት ሰነዷን እንደ ጀልባ እየቀዘፈች በአጠገቡ ስታልፍ ራሷን ዝቅ አድርጋ ሰላም አለችው። ከጀርባው ደግሞ ረጅሙ ቆሟል። "አለህ?" አለው። ዝናቡ "አለሁ" ሊል አፉን ሲከፍት ደወል ተደወለ።

የአፈ ጉባኤው ደወል ነበር። ንባቡ አብቅቶ ተናጋሪዎች ሊጠሩ ነው። ዝናቡ ግን የት እንዳለ ማን ነግሮት! በወንበሮች መካከል እንደ ጥይት ተፈተለከ፣ የመምህራኑን ተወካይ ጉልበት ረግጦ አለፈ፣ በሩን በትከሻው ገፍቶ ኮሪደር ላይ ወጣ። ከግድግዳው ሥር ቦት ጫማ ቆሟል። እግሩን ከተተ። ጠበበው። ሌላኛውን ሊከት ሲታገል ከኋላው ጩኸት ሰማ።

"ኧረ በሕግ አምላክ! ጫማዬን!" የጽዳት ሠራተኛዋ ናት፤ በባዶ እግሯ ወለል ስታጥብ የነበረች።

"የኔ እናት፣ የት ነው የሚቃጠለው?"

"የሚቃጠለውማ የአንተ ጭንቅላት ነው! አውልቅ!"

ያን ጊዜ ነቃ። በቢጫ የፕላስቲክ ጫማ አንድ እግሩ ተወትፎ፣ ምንም በማይቃጠልበት ኮሪደር መካከል ቆሞ ነቃ። ጫማው ግን በቀላሉ አልወጣም። ሴትየዋ ተረከዙን ይዛ ስትጎትት፣ እሱ ግድግዳውን ይዞ ሲጎትት፣ ከውስጥ ሳቅ ተሰማ፣ ቀጥሎም ጸጥታ። በመጨረሻ እግሩ ነጻ ወጥቶ ሲመለስ ዘበኛው በሩ ላይ እጁን ዘረጋ። "ድምፅ እየተሰጠ ነው ጋሼ። ሲሰጥ አይገባም።"

"ልናገር እኮ ነው የመጣሁት።"

"ተጠርተው ነበር። ደጋግመው ጠሩዎት።"

በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። እጅ ሲነሣ ድምፅ የለውም፤ ግን የሰማው መሰለው።

ሲወጡ አንድ የምክር ቤት አባል፣ ሽበት ያላቸው ሰውዬ፣ ክንዱን ያዙት። "ወንድሜ፣ ምነው? አንድ ሰው እንኳ ቢናገር ኖሮ..." አሉና ሳይጨርሱት ሄዱ። ያችን ዓረፍተ ነገር ዝናቡ እስከ ዛሬ ይዟት ይዞራል። በልቡ አንዳንድ ቀን በአንድ መንገድ ይጨርሳታል፣ አንዳንድ ቀን በሌላ።

ፏፏቴው ጸድቆ አበሉ ለከርሞ ተባለ።

በጣቢያው ሁሉም በር ላይ ቆመው ይጠብቁት ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ምክንያት ይፈጥር ነበር። እሱ ግን "ተኛሁ" አለ። ከዚያም ሁሉንም ነገራቸው፤ መጋረጃውን፣ ደወሉን፣ የሴትየዋን ጫማ። ቀጥሎ ሾፌሩ፣ "እና ልክህ ነበር?" አለው። "ምኑ?" "ጫማው።" ሳቅ ፈነዳ፤ እንባ ያለበት ሳቅ። ከሳቁ ወዲያ ከወጣቶቹ አንዱ ገብቶ ልብሱን መሰብሰብ ጀመረ።

አለቃው ዝናቡን ወደ ጎን ወሰደው። "ራስህን አትብላ" አለው። "ሌላ ሰው ቢኖረኝ ለእንጨት ቤቱ እሱን እልክ ነበር፤ አንተን አስተኝቼህ፣ ጠግበህ ተኝተህ ትሄድላቸው ነበር። ሌላ ሰው የለኝም። ሰው የለንም ልትላቸው ሄድክ፣ ሰው ስለሌለን ሳትላቸው ተመለስክ። ይኸው ነው።"

ለሚስቱ ሲነግራት ደስ ይላታል ብሎ ነበር። እሷ ግን መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካች። ወንድሟ ቢሆን ተመስገን ይል ነበር፤ እሷ አላለችም። "ሻይ ላፍላልህ" ብቻ አለችው።

የመጨረሻ ተራው በአደባባዩ ላይ ነበር። ፏፏቴው ተሠርቶ አልቋል፣ ውሃ የሚገፋው ሞተር ግን አልደረሰም፤ እንግዳ ስለሚመጣ በእሳት አደጋ መኪና ይሞላ የሚል ትእዛዝ ወረደ። ሾፌሩ መንገዱን ሙሉ ተራገመ። ዝናቡ ግን ወርዶ ቱቦውን ዘረጋ። ማለዳው ጭጋጋም ነበር፤ ቱቦውን ወደ ላይ ቀና አድርጎ ሲለቀው ውሃው ጭጋጉ ውስጥ ገብቶ ጠፋና ቆይቶ፣ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ፣ እየዘነበ ወረደ። ወደ ሥራ የሚሄዱ ሰዎች ቆሙ። አንዲት ሴት ጃንጥላዋን ዘረጋች፣ ቀጥላ ሐሳቧን ቀየረችና አጠፈችው። ፀሐይ ስትወጣ ከአደባባዩ ይህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ ቀስተ ደመና ቆመ። በሥራው ዘመን ያላየው ዓይነት ቆንጆ ቀን ያ ነበር፤ በዚያው ቀን ያበሳጨውም ይኸው ነው። "አስቀያሚ ቢሆን ኖሮ መሄድ ይቀለኝ ነበር" ይላል።

ፋብሪካው ሲገባ ወንድምየው እንዳለው ሆኖ አገኘው። ቀይዋ መኪና እንደ ሙሽራ ትወለወላለች፤ ቱቦዋ እንደ ተጠቀለለ አለ፣ ውሃ አልቀመሰም። ውሸት ምን ያደርጋል፣ ደመወዙ ጥሩ ነው። ልጁ ጣቱን ዘርግቶ ይራመዳል፤ አከራይዋም ሰላምታቸው ተመልሷል፣ እንዲያውም እንደምን አደራችሁ ላይ "እግዜር ይመስገን"ን ጨምረውበታል። ዝናቡ ሥራው እኩለ ቀን ላይ ያልቅና መጥቶ ሚስቱ ሱቅ ጥግ ላይ ይተኛል። ብዙ ይተኛል። ሕልሙ ግን አብሮት አልተዛወረም፤ አሁንም እዚያው የድሮ ጣቢያ ነው የሚውለው።

"እንዲያውም ባለፈው ሰሞን ዐየኋቸው" አለ ድንገት፣ ታሪኩ ያለቀ በመሰለበት ቦታ። ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን አቆመች፤ ይህን እሷም ሰምታው አታውቅም ነበር። "ከፋብሪካው በር ላይ ቆሜ፣ ጥሩምባውን እየነፉ አለፉ። ሾፌሩ አለ። ከጎኑ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አለቃው! ያ ሽማግሌ፣ ቆቡን አጥልቆ። ሌላ ሰው የለም። ከኋላ ማንም የለም። ሾፌሩ ዐየኝና ጥሩምባውን አንዴ ለእኔ ነፋልኝ። እጄን አነሣሁ። ምን ላድርግ፣ የማውቀው እጅ ማንሣት ብቻ ሆነ። እስኪሰወሩ ድረስ ከኋላቸው ዐየሁ። ቱቦውን ማን ይደግፍላቸዋል እያልኩ፣ ማታም ይህንኑ እያልኩ።"

"ሳትነግረኝ" አለች ሚስቱ።

"ምን ልበልሽ? ቃሌ ቃል ነው።"

"እሱን አይደለም የጠየቅሁህ" አለች፣ ለስለስ ባለ ድምፅ። ከዚያ ክር አንሥታ ማጠንጠን ጀመረች፤ የተናደደችበት ግን ማን እንደሆነ ከፊቷ አይታወቅም ነበር።

ሱሪው አልቆ ተጣጠፈ። ደንበኛው ከፈለና ተነሣ፤ ዝናቡም እንግዳ እንደሚሸኝ ሰው ተነሥቶ እስከ በሩ ተከተለው። ውጭ ቀኑ ወደ ምሽት እያዘነበለ ነበር፤ ከሆነ ቤት ጓሮ ቀጭን ጭስ ወጥቶ ጣሪያዎቹ ላይ እንደ መቀነት ተኝቷል። ዝናቡ ጭሱን ዐየ፣ አሸተተ፣ ቅጠል መሆኑን ዐውቆ ተወው።

ደንበኛው መለየት ስላልወደደ ቀልድ ፈለገ። "እንግዲህ ወዳጅ አፍርቻለሁ። ቤቴ ቢቃጠል አንተን ነው የምጠራው" አለው።

ዝናቡ አልሳቀም። የደንበኛውን እጅ በሁለት እጁ ያዘና፣ "እኔን አትጥራ" አለው። "እነሱን ጥራ። ግን ጭሱን ገና ስትጠረጥረው ደውል፤ ልይ፣ ላረጋግጥ፣ ሰው እንዳልረብሽ ብለህ አትጠብቅ። ውሸት ቢሆን እንኳ አይቆጡህም፣ እኔ ዐውቃቸዋለሁ። ቶሎ ደውልላቸው፤ ሁለት ሆነው እኮ ነው የሚመጡት።"